ለዶ/ር አኪንውሚ አዴሲና የተጻፈ ግልጽ የስንብት ደብዳቤ፦ ስለ ዘሩ፣ ስለ ገንዘቡና ማሳው ውስጥ ስለቀረው ጨው

ለክቡር ዶ/ር አኪንውሚ አዴሲና
የአፍሪካ ልማት ባንክ ቡድን ፕሬዚዳንት
አቢጃን

ጉዳዩ፦ ከኃላፊነት ሲሰናበቱ የቀረበ ምስጋናና ለተተኪዎ የሚተላለፍ የቤት ሥራ

ክቡር ሆይ፣

ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025፣ የአሥር ዓመት የፕሬዚዳንትነት ዘመንዎን ጨርሰው ወንበሩን ለሞሪታንያዊው ዶ/ር ሲዲ ኡልድ ታህ ያስረክባሉ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ባንኩ በሚሠራበት በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው። ሰሞኑን ብዙ የምስጋና ወረቀት እንደሚደርስዎ እናውቃለን፤ አብዛኛው «ባለራዕይ መሪ» ብሎ ይጀምርና መልካም ዕድል ተመኝቶ ይዘጋል፤ ቢራቢሮ ክራባትዎን ሳያነሣ የሚያልፍም ጥቂት ነው። እኛ በመስኖ ስንዴ፣ በዘር ብዜት፣ በማዳበሪያ አቅርቦትና በልማት ፋይናንስ የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ነን። የምናመሰግንዎ በየትኛው ሥራዎ እንደሆነ ለይተን፣ ያላለቀውንም ሳንሸፋፍን ልንጽፍልዎ መርጠናል። የግብርና ኢኮኖሚስት ነዎትና ኩንታልና ሄክታር ቢበዛበትም አይሰለቹም ብለን ነው።

ከሁሉ አስቀድመን የምናነሣው ዘር ነው።

ሙቀት የሚችለው ስንዴ የባንኩ ፈጠራ አይደለም። የወረርና የቁሉምሳ የምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች ከደረቅ አካባቢዎች የግብርና ምርምር ማዕከሉ ከኢካርዳና ከሜክሲኮው የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል ከሲሚት በመጣ የዘር ሀብት ላይ ለዓመታት ሲሞክሩና ሲመርጡ የቆዩበት ሥራ ነው። ወረር በአፋር፣ በአዋሽ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ የጥጥ አገር እንጂ የስንዴ አገር ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም። ስንዴ በሚያብብበት ሰሞን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በብዙ ካለፈ የአበባው ብናኝ ይመክናል። ሙቀቱ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ከመጣ ደግሞ ዛላው ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ሲወቃ ግን ፍሬው የጨረጨሰና ቀላል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የቆላ ስንዴ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሙቀቱን የሚታገሥና በ90 እስከ 100 ቀን የሚደርስ ዝርያ፣ እንዲሁም ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ መሬት የሚገባ ዘር። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተዘራ ስንዴ የሚያብበው የካቲት ውስጥ ነው፤ ያኔ የትኛውም ዝርያ አያድነውም።

ዝርያው ነበረ፤ የጠፋው ዘሩ ነበር። ይህን ልዩነት የሚረዳ የባንክ ፕሬዚዳንት ብዙ አይገኝም። ከምርምር ማዕከል የሚወጣው አራቢ ዘር፣ ማለትም የብዜቱ ሁሉ መነሻ፣ በጣት በሚቆጠር ኩንታል ነው። 5 ኩንታል እንበል። በሄክታር 125 ኪሎ ቢዘራ 4 ሄክታር ይሸፍናል። ከሄክታር ተበጥሮ የሚተርፈው ንጹሕ ዘር 25 ኩንታል ከሆነ 100 ኩንታል ቅድመ መሥራች ዘር ይገኛል፤ ያ 80 ሄክታር ይዘራል። ከ80 ሄክታር 2,000 ኩንታል መሥራች ዘር፣ እሱ በ1,600 ሄክታር ተዘርቶ 40,000 ኩንታል የተመሰከረለት ዘር ይወጣዋል። ለ32,000 ሄክታር የሚበቃ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሦስት አዝመራ ብቻ ነው። በዓመት አንዴ ብቻ ከተዘራ ግን ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ በመካከሉ አንድ አዝመራ ዋግ የተባለው የፈንገስ በሽታ ከመታው ወይም አንዱ ኃላፊነት የጎደለው ዘር አባዢ ከሌላ ዝርያ ከቀላቀለው ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ይመለሳል።

በ2018 ሥራ የጀመረው የአፍሪካ ግብርና ሽግግር ቴክኖሎጂዎች ፕሮግራም፣ በእኛ ቋንቋ «ታት» የምንለው፣ ገንዘቡን ያስቀመጠው በትክክል እዚህ ሰንሰለት ላይ ነው። የስንዴውን ክፍል ኢካርዳ መራው፤ አጠቃላይ ማስተባበሩን ኢባዳን ያለው የሐሩር ግብርና ተቋም ያዘ። በበጋ በአዋሽ መስኖ፣ በክረምት በደጋው ዝናብ እያፈራረቁ በዓመት ሁለቴ ማባዛት የሦስቱን ዓመት ሥራ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ያወርደዋል። እርግጥ ነው በተግባር ይህን ያህል አይቀናም። የደጋው ዘር ኅዳር ላይ ታጭዶ የአዋሹ መዝሪያ ጊዜ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይዘጋል። በመካከሉ ዘሩ ወደ 13 በመቶ እርጥበት መድረቅ፣ መበጠር፣ መመርመር፣ ቢያንስ 85 በመቶ መብቀሉ መረጋገጥ አለበት። ገና የታጨደ ስንዴ ደግሞ አንዳንዴ እንቅልፉን ሳይጨርስ ስለሚፈተሽ ጤናማው ዘር «አልበቀለም» ተብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የተለየ ማሳ በሰኔ ቀድሞ መዘራትና ጥቅምት ላይ መታጨድ ነበረበት። ይህን ያሟሉ ቦታዎች ዘራቸው በጊዜ ደረሰ። ያላሟሉት ዘሩን ኅዳር መጨረሻ ላይ ተቀብለው በግድ ዘሩት፤ ምርታቸውም ያንኑ መሰለ።

በጥቂት ሺህ ሄክታር የተጀመረው የበጋ መስኖ ስንዴ ዛሬ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ሄክታር ይለካል። ከአፋር ቆላ አልፎ ወደ ሶማሌ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ አማራ ወጥቷል። በሜጫ ያለው የቆጋ መስኖ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያለማው፣ በበጋ ስንዴ ከሚዘራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ቆጋ የተሠራው ከእርስዎ በፊት በነበሩ ፕሬዚዳንቶች ዘመን በአፍሪካ ልማት ፈንድ ገንዘብ መሆኑን እዚሁ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያው ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም እንዲሁ፤ ባንኩ ያጸደቀው በ2012 በዶ/ር ዶናልድ ካቤሩካ ጊዜ ነው፤ ኤሌክትሪክ መሸጥ የጀመረው በ2022 በእርስዎ ዘመን ነው። የልማት ባንክ መሪ ሁልጊዜ የቀዳሚውን ሪባን ይቆርጣል፤ የራሱን ደግሞ ተተኪው ይቆርጥለታል። በምስጋና ደብዳቤዎች ውስጥ ይህ ሒሳብ ብዙ ጊዜ ይዛባልና እኛ ለያይተነዋል።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር እንበል። ባንኩ አምስቱ ዐበይት ግቦችዎ (መብራት፣ ምግብ፣ ኢንዱስትሪ፣ የአህጉሩ ትስስርና የኑሮ መሻሻል) 565 ሚሊዮን ሰዎችን እንደነኩ ይገልጻል። በእንዲህ ዓይነት ሪፖርት ያንኑ ሰው በመብራቱም፣ በመንገዱም፣ በውኃውም መቁጠር የሚቻል ነው። በአገራችን ስንዴም እንዲሁ፤ መንግሥት የሚያቀርበው የምርት መጠንና የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት የሚገምተው በጣም ይራራቃሉ። ዘሩ ደርሷል፣ ማሳው ሰፍቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። በሄክታር ስንት ተገኘ የሚለው ግን በሚዛን የተለካ የናሙና አዝመራ ይፈልጋል፤ ኮምባይነሩ ሲያልፍ በዓይን ከመገመት የተሻለ ነገር ይፈልጋል። ታት ዘሩን ለማድረስ ያወጣውን ያህል ባይሆንም ትንሽ ከፍሎ ራሱን የቻለ ለኪ ቢያስቀምጥ ኖሮ ዛሬ ስምዎን የሚያነሣ ሁሉ አንድ ቁጥር በጠራ ነበር።

ሁለተኛው ምስጋናችን ስለ ጊዜ ነው።

ባንኩ ውስጥ ያልሠራ ሰው አንድ ፕሮጀክት ስንት በር እንደሚያልፍ አይገምትም። መነሻ ሐሳብ፣ የመስክ ጥናት፣ ግምገማ፣ የቦርድ ማጽደቅ፣ ድርድር፣ ፊርማ፣ እኛ ዘንድ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማጽደቅ፣ የቅድመ ሁኔታዎች መሟላት፣ ከዚያ የመጀመሪያው ገንዘብ። ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ግዥ የባንኩን «ኖ ኦብጀክሽን»፣ ማለትም «ተቃውሞ የለኝም» የሚል ፈቃድ፣ ይጠብቃል። ማንም ሰነፍ ባይሆንና ማንም ባይሰርቅ እንኳ ከዓመት በላይ መፍጀቱ የተለመደ ነው። ሰኔ ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ የሚመጣ ማዳበሪያ ለክረምቱ ስንዴ ግማሽ ጥቅሙን አጥቷል። ከዘር ጋር በሚሰጠው ኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ እንደ ናይትሮጅን በአፈር ውስጥ አይንቀሳቀስም፤ ከዘሩ ጋር በትልሙ ውስጥ ካልገባ በኋላ ከላይ ቢበተን ሥሩ አያገኘውም። ዩሪያ ግን ተከፍሎ ይሰጣል፤ ገሚሱ ሲዘራ፣ ቀሪው ቡቃያው ጎን ማውጣት ሲጀምር፤ እሱ ቢዘገይ ይካካሳል። ኤን ፒ ኤስ ሲዘገይ ገበሬው ያለ ማዳበሪያ ይዘራል፣ ወይም ቀን አሳልፎ ይዘራል፤ ሁለቱም ኪሳራ ነው።

የዩክሬን ጦርነት ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ሲጀመር የስንዴውም የማዳበሪያውም ዋጋ ሰማይ ወጣ። የባንኩ ቦርድ የ1.5 ቢሊዮን ዶላሩን የአስቸኳይ ምግብ ማምረቻ ፕሮግራም ሜይ 20 አጸደቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ! ዓላማው ለ20 ሚሊዮን ገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ አድርሶ 38 ሚሊዮን ቶን ተጨማሪ ምግብ ማምረት ነበር። ግቡ በየአገሩ ምን ያህል ተመታ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኛ የምናደንቀው ውሳኔው የተወሰነበትን ቀን ነው፤ ባንኩ ለአንድ ጊዜ በገበሬው የቀን መቁጠሪያ ሠርቷል። ይህ የሆነው የገንዘብ ሰው ብቻ ባልሆነ ፕሬዚዳንት ስለተመራ ነው ብለን እናምናለን፤ ሩዙንና ማሽላውን በምርምር ተቋም ውስጥ ሆኖ ያጠና፣ ከ2011 እስከ 2015 በናይጄሪያ የግብርና ሚኒስትር ሆኖ ማዳበሪያ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚቀልጥ ያየ ሰው።

እዚህ ላይ አንድ ያልተሳካውን እንጥቀስ። በናይጄሪያ መንግሥት ማዳበሪያ ገዝቶ የሚያከፋፍልበትን አሠራር ትተው የድጎማውን ኩፖን በሞባይል ስልክ ለገበሬው በቀጥታ የሚልከውን ዘዴ አስጀምረው ነበር፤ ገበሬው ያንን አሳይቶ ከአቅራቢያው ነጋዴ በግማሽ ዋጋ ይገዛል። ብዙዎች ይህ ወደ ኢትዮጵያ ለምን አልመጣም ብለው ይጠይቃሉ። ችግሩ ስልክ አይደለም። እኛ ዘንድ ማዳበሪያ የሚገዛው በማዕከል ነው፤ ዶላሩም ያለው እዚያው ነው፤ ስርጭቱም በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ይወርዳል። ኩፖን ትርጉም የሚኖረው ገበሬው የሚመርጠው ከአንድ በላይ ሻጭ ሲኖር ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ወደብ አለ። 50,000 ቶን የያዘች አንዲት መርከብ ጅቡቲ ስትደርስ 1 ሚሊዮን ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ማለት ነው፤ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ 1,250 ምልልስ። ሁለት መርከብ ባንድ ሳምንት ከገባች ተሳቢው አይበቃም፤ የመጀመሪያይቱ ከዘገየች ሁሉም ሰኔ ላይ ይደራረባል። በ2023 ክረምት በየወረዳው የተሰማው የገበሬ ጩኸት ዋጋን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ዋናው ጉዳይ በጊዜ አለመድረሱ ነው። ባንኩ ለግዥ የሚሰጠውን ገንዘብ ከመርከብ መርሐ ግብር ጋር ቢያያይዘው፣ ማለትም ጥቅምት ላይ ጨረታው ካልወጣ ገንዘቡ እንደማይለቀቅ ቢደነግግ፣ ከማንኛውም ኩፖን ይበልጥ ይጠቅመን ነበር።

ስለ ካፒታሉ ብዙ ተብሏልና አጠር እናደርጋለን። ኦክቶበር 31 ቀን 2019 አቢጃን ላይ ባለአክሲዮኖች የባንኩን ካፒታል ከ93 ቢሊዮን ወደ 208 ቢሊዮን ዶላር እንዲያድግ ተስማሙ። አብዛኛው በጥሬ ገንዘብ የሚገባ አይደለም፤ ባንኩ ቢቸገር አገራቱ እንዲከፍሉ የሚጠሩበት ቃል ኪዳን ነው። ግን ያ ቃል ኪዳን ነው ባንኩን የሦስት ኤ (ከፍተኛው የብድር ተአማኒነት) ደረጃ ላይ ያቆየው፤ በዚያ ደረጃ ከገበያ በርካሽ ይበደራል፣ ለአባል አገራት መልሶ ያበድራል። በጃንዋሪ 2024 ባንኩ 750 ሚሊዮን ዶላር የድብልቅ ካፒታል ቦንድ፣ ማለትም የዕዳም የካፒታልም ጠባይ ያለው ቦንድ፣ ሲያወጣ ከዓለም የልማት ባንኮች መንገድ ከፋች ሆኗል።

ኢትዮጵያ ግን ከዚህ ትልቅ ካዝና በቀጥታ ብዙም አትጠጣም። ዲሴምበር 2023 ላይ የዩሮ ቦንዷን ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል የቀረች አገር ናት። ለእኛ የሚሠራው መስኮት ለድኾች አገራት በእርዳታና በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የአፍሪካ ልማት ፈንድ ነው፤ እሱን ለጋሾች በየሦስት ዓመቱ ይሞሉታል። በ2022 መጨረሻ 8.9 ቢሊዮን ዶላር ሞሉት። ዘንድሮ ግን የአሜሪካ መንግሥት ለፈንዱ ይሰጥ የነበረውን 555 ሚሊዮን ዶላር እንዲቀር ሐሳብ አቅርቧል። ፈንዱ ራሱ ከገበያ እንዲበደር ይፈቀድለት እያሉ ሲከራከሩ የቆዩት ለዚህ ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ገና አላለቀም።

በ2020 የደረሰብዎትን አንዘልም። በዓመቱ መጀመሪያ ከባንኩ ውስጥ ስማቸውን ያልገለጹ ሠራተኞች ክስ አቀረቡ፤ የባንኩ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነጻ አወጣዎት፤ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሚኒስትር በሜይ ወር ይህ አይበቃም ብለው ጻፉ። ያን ጊዜ እልህ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። ጉዳዩ የቀድሞዋ የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ሜሪ ሮቢንሰን ለመሩት ገለልተኛ ቡድን ተሰጠ፤ ቡድኑም በጁላይ የኮሚቴውን ውሳኔ ትክክል ነው አለ። ኦገስት 27 በሙሉ ድምፅ ለሁለተኛ ዘመን ተመረጡ። ለእኛ ዋናው ነገር ድምፁ አይደለም፤ ከባንክ ውጭ ያለ ዓይን ፋይሉን ማየቱ ነው። ጠቋሚዎቹም ሆኑ ተከሳሾቹ በኋላ እንዳይጎዱ የሚደረገው ጥበቃ ወደ ተተኪዎ የሚተላለፍ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ረገድ አቋም ስንወስድ ለማንም ወገን አይደለም።

ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ግንኙነትም ሁሌ ለስላሳ አልነበረም። ባንኩ እንዳስታወቀው ኦክቶበር 31 ቀን 2023 አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ሠራተኞቹ በጸጥታ ኃይሎች ተይዘው ተደብድበዋል፣ ለሰዓታትም ታስረዋል። በዲሴምበር ዓለም አቀፍ ሠራተኞቹን አስወጣ። ያ ሰሞን ለእኛ ምን ማለት እንደነበር በትክክል እንንገርዎ፦ የመስክ ክትትል ቆመ፣ ኖ ኦብጀክሽን የሚጠብቁ ግዥዎች ተንጠለጠሉ፤ የጥፋቱ ባለቤት ያልሆነው ገበሬ ዋጋ ከፈለ። ነገሩ በ2024 መጀመሪያ ተፈትቶ ሠራተኞቹ ተመለሱ። ዘንድሮ ኦገስት ላይ ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ባንኩ ገንዘብ አሰባሳቢ መሪ ሆኖ ለመሥራት አዲስ አበባ መጥተው ፈረሙ፤ ከራሱ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል፣ ቀሪውን ከሌሎች ያሰባስባል። 10 ቢሊዮን ዶላር የተገመተለት ሥራ ነው። ይህንንም ሪባን ሌላ ሰው ነው የሚቆርጠው።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። ይህ ክፍል ለእርስዎ ምስጋና፣ ለዶ/ር ኡልድ ታህ ደግሞ ማስታወሻ ነው። እሳቸው የአረብ ባንክ ለአፍሪካ ኢኮኖሚ ልማትን አሥር ዓመት የመሩ የገንዘብ ሰው ናቸው፤ በሜይ ወር በሦስተኛው ዙር 76.18 በመቶ ድምፅ አግኝተው መመረጣቸው አመኔታውን ያሳያል። የምንሰጋው ስንዴው «ያለቀለት ስኬት» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት እንዳይገባ ነው። አላለቀም።

የመጀመሪያው ጨው ነው። አንድ ሄክታር ስንዴ በቆላ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይጠጣል፤ ያ 5,000 ሜትር ኪዩብ ነው። በቦይና በማሳ ላይ ግማሹ ይባክናል ብንል ከዋናው ቦይ 10,000 ሜትር ኪዩብ መልቀቅ ግድ ነው። ውኃው በሊትር 0.3 ግራም ብቻ ጨው ቢይዝ፣ እሱም ለመስኖ ጥሩ የሚባል ውኃ ነው፣ በዓመት በአንድ ሄክታር ላይ 30 ኩንታል ጨው ያወርዳል። ከዚያው ማሳ የሚታፈሰው ስንዴ 35 ኩንታል ቢሆን ነው። ውኃው ይተናል፤ ጨው አይተንም። አሚባራና መልካ ሳዲ ላይ ጥጥ ያለ በቂ ማጠንፈፊያ (ትርፍ ውኃን ከአፈር ማውጫ) ለዓመታት ሲጠጣ ኖሮ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ፤ ነጭ ቅርፊት ያወጣው ብዙ ማሳ ተትቶ ዛሬም ባዶውን ይታያል። ስንዴ የአፈሩ ጨዋማነት በሜትር 6 ዴሲሲመንስ (ጨው የሚለካበት አሃድ ነው) እስኪደርስ ይታገሣል፤ ከዚያ በኋላ በእያንዳንዷ ተጨማሪ ነጥብ ምርቱ በ7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ገበሬው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምንም አያይም። ምልክቱ የሚጀምረው ከማሳው ጫፍ፣ ውኃ ከሚቆምበት ዝቅ ካለው ጥግ ነው፤ ቡቃያው ይሳሳል፣ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፣ «ማዳበሪያ አነሰው» ይባልና ዩሪያ ይጨመርለታል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከሰብሉ ፍላጎት ከ10 እስከ 20 በመቶ ተጨማሪ ውኃ ሰጥቶ ጨውን ወደ ታች ማጠብ፣ የታጠበውም የሚወጣበት ማጠንፈፊያ መቅበር፣ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከ2 ሜትር በታች ማቆየት። ሶዲየም የበዛበት አፈር ከሆነ በቅድሚያ ጂፕሰም የተባለውን ማዕድን መጨመር። መውጫ ሳይኖር ማጠብ ግን ችግሩን ማባባስ ነው። ማጠንፈፊያ ግን ሪባን አይቆረጥለትም፤ መሬት ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር ቱቦ ነው፤ ፓምፑም ነዳጅና ጠጋኝ ይፈልጋል፣ በጀት ሲቀነስም ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነው። ስለዚህ ባንኩ ከእንግዲህ በአዋሽም ሆነ በሸበሌ ለሚያበድርለት ማንኛውም መስኖ ማጠንፈፊያውን ከውኃ ማስገቢያው እኩል፣ በዚያው ውል ውስጥ እንዲያስገባ እንጠይቃለን። «በሁለተኛው ምዕራፍ» የሚባለው አይመጣም።

ሁለተኛው ዋግ ነው። ስንዴ በክረምት ብቻ ሲዘራ ዋግ በበጋ የሚያርፍበት ያጣል። ዛሬ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ አለ፤ ብናኙ ከአዋሽ ወደ አርሲ፣ ከአርሲ ወደ ባሌ፣ ከዚያም ተመልሶ የሚሸጋገርበት ድልድይ ተሠርቶለታል። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን የስንዴ ዝርያዎች አጠፋ፤ በ2013 እና 2014 የግንድ ዋግ በባሌ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ ጠራርጎ ወሰደ። ሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ሰፊ ማሳ በአንድ ዝርያ መሸፈኑ። ዘር በፍጥነት ማባዛት፣ ያመሰገንንዎት ያ ፍጥነት ራሱ፣ ያንኑ አደጋ ይዞ ይመጣል፤ ቶሎ የሚባዛው አንድ ዝርያ ስለሆነ። ስለዚህ በአንድ ዞን ቢያንስ ሦስትና አራት የዘር ግንዳቸው የተለያየ ዝርያዎች በብዜት ላይ ይቆዩ፤ አሳሽ ቡድን በየሁለት ሳምንቱ ማሳ ይዙር፤ በሄክታር ግማሽ ሊትር የሚፈልገው ፀረ ፈንገስ ዋጉ ከመታየቱ በፊት በወረዳው መጋዘን ይግባ። ቢጫ ዋግ ቅጠሉ ላይ ከታየ በኋላ ጨረታ ማውጣት ምን እንደሚፈይድ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ግን ብዙ ኩንታል የሚወስድ። በቆላ ስንዴ የሚደርሰው የካቲትና መጋቢት ላይ ነው፤ ግሪሳ ወፍም የበልጉ ዝናብም በዚያው ሰሞን ይመጣሉ። በሺህ ሄክታር የሚቆጠር ማሳ ባንድ ሳምንት ይደርስና ኮምባይነር ከአርሲ እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ከደረሰ በኋላ በየቀኑ ይረግፋል፤ ዝናብ ከነካው ዛላው ላይ ይበቅላል፣ ዱቄቱም ዳቦ አይሆንም። አዝመራውን በአሥር በአሥር ቀን አራርቆ መዝራት ይህን ይቀንሳል፤ ዘሩ በጊዜ ከደረሰ ማለት ነው። ሁሉም ወደ ኅዳር ይመለሳል።

ለመጨረሻ፣ በ2017 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ የሽልማቱን 250,000 ዶላር ወጣት የግብርና ባለሙያዎችን ለማብቃት እንዲውል ሰጥተዋል። ከኃላፊነት ሲያርፉ ጊዜ ካገኙ፣ ወረር፣ ቁሉምሳና ቆጋ ላይ ያሉት ወጣት ተመራማሪዎች ከማንም ይበልጥ የሚፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ጨውና እርጥበት የሚለካ መሣሪያ እና የተለካውን በነጻነት የማሳተም መብት። ስምዎ ለሁለቱም በር ይከፍታል። መምጣትዎን ካሳወቁን መጋቢት መጀመሪያ ይሁን፤ ያኔ ማሳው ሳይታጨድ ይደርሱበታል፣ የጨዋማውንም ጥግ በዓይንዎ ያዩታል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በመስኖ ስንዴ፣ በዘር ብዜት፣ በግብዓት አቅርቦትና በልማት ፋይናንስ የተሰማራን ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች
አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአፍሪካ ልማት ባንክ የገዥዎች ቦርድ
ለተመራጩ ፕሬዚዳንት ለዶ/ር ሲዲ ኡልድ ታህ
በኢትዮጵያ ለባንኩ ጽሕፈት ቤት
ለግብርና ሚኒስቴር
ለገንዘብ ሚኒስቴር